«ተጎጂ» ብዬ ልመዝግብ ወይስ «ተበዳይ»?

ጥያቄ፦ መዝጋቢው፣ ደሴ

የዚህ መድረክ ወዳጆች፣ እንደምን ከርማችኋል። የቋንቋና የሕግ ዕውቀት ያላችሁ ሰዎች እዚህ እንደምትገኙ ስለማውቅ፣ ለብዙ ቀናት ሳወጣ ሳወርድ የቆየሁትን አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

እኔ ነዋሪነቴ ደሴ ነው። ከጥቂት ባልደረቦቼ ጋር በወሎ ገጠር ቀበሌዎች እየተዘዋወርን፣ በ2013 ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወሎ በገባበት ጊዜ ቤት ንብረታቸውን፣ አካላቸውን ወይም ዘመዶቻቸውን ያጡ ሰዎችን ቃል እየተቀበልን በመዝገብ እናሰፍራለን። የምንሞላው ቅጽ ተዘጋጅቶ የተሰጠን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዓምድ «የተጎጂ ሙሉ ስም» ይላል። ይህን ቃል ለወራት ያለ አንዳች ማመንታት ስጽፈው ኖሬአለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት መንደር ወደ አንዲት እናት ቤት ገባን። የሚኖሩባት ጎጆ በቅርቡ የተቀለሰች ናት፤ ከጓሮዋ የቀድሞው ቤት ምሰሶዎች ከሰል መስለው እስከ ዛሬ ቆመዋል። እናቲቱ ቡናውን አፍልተው አቦሉን ከሰጡን በኋላ የጻፍኩትን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የተቃጠለውን እህልና የተነዱትን ከብቶች ሳነብ በጸጥታ ሰሙ። «ተጎጂ» ከሚለው ላይ ስደርስ ግን ሊቀዱ ያነሡትን ጀበና መልሰው ማቶቱ ላይ አስቀመጡና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጎርፍ ማሳውን የወሰደበትም ተጎጂ ነው፤ በረዶ አዝመራውን የመታበትም ተጎጂ ነው። እኔን ጎርፍ አልወሰደኝም፤ በረዶም አልመታኝም። እኔን የበደለኝ ሰው ነው። ተበዳይ ብለህ ጻፍ።» ቅጹ የታተመ ስለሆነ መለወጥ እንደማልችል ብነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልመለሱልኝም። ቡናውን ግን እስከ በረካው አጠጡን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዕሬ ይህ ቃል ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከባልደረቦቼ አንዱ በራዲዮ እንደምንሰማው «የጦርነቱ ሰለባ» ብንል ይሻላል ይላል፤ ሌላው «ተጠቂ» ይላል፤ አንዲት እህታችን ደግሞ ሁሉንም ትታ «ከጉዳት የተረፉ» እንድንል ትመክራለች። እኔ በበኩሌ ሰውየው በሚጠራበት ቃል ውስጥ አንድ ዓይነት ፍርድ እንዳለ ይሰማኛል፤ ፍርዱ ምን እንደሆነ ግን አጥርቼ መናገር አልቻልኩም። የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ጠበቃ፣ ኮምቦልቻ

ውድ ወንድሜ፣ ያነሣኸው ጉዳይ እኔን በሥራዬ ለብዙ ዓመታት ያጋጠመኝ ነው። በሕጉ በኩል ያለውን ላስረዳህ።

በወንጀል ጉዳይ ፍርድ ቤቶቻችን የሚጠቀሙበት ቃል «የግል ተበዳይ» ነው። በክስ ማመልከቻውም ሆነ በፍርድ ሐተታው ላይ የምታገኘው ይህንኑ ነው። ወንጀል በአንድ ሰው ላይ ቢፈጸምም በሕዝቡ ሁሉ ላይ እንደ ተፈጸመ ስለሚቆጠር ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ በትሩ በገላው ላይ ያረፈበት ሰው ደግሞ ከዚያ ከጋራው በደል ተለይቶ እንዲታወቅ «የግል» ይባላል። እንግዲህ እናታችን የመረጡት ቃል ከመንደር ወግ የመጣ ብቻ ሳይሆን ችሎት ላይም መቀመጫ ያለው ነው።

ካሣ ሲነሣ ግን ቃሉ ይለወጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት ሲናገር፣ በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው የጉዳቱን ኪሣራ መክፈል እንዳለበት ይደነግጋል። መነሻው ጉዳቱ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 101 በወንጀሉ ምክንያት ጉዳት የደረሰበት ሰው ወይም ከእሱ መብት የሚያገኙ ሰዎች የካሣ ጥያቄያቸውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምረው ማቅረብ እንደሚችሉ ይገልጻል። ስለዚህ አንዱ ሰው በአንድ መዝገብ ውስጥ ሲከስስ ተበዳይ፣ ሲካስ ተጎጂ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ አንተ ቅጽ ልምጣ። «ተበዳይ» የሚለው ቃል በዳይን ይጠራል፤ ብቻውን አይቆምም። ከፊት የተቀመጠው ሠራተኛ ቃሉን ባየ ቁጥር «በዳይህ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ እናታችን ምን ይመልሳሉ? ቤታቸውን ያቃጠለው ሰው ስሙን ነግሯቸው አልሄደም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው የወንጀልና የሥልጣን መባለግ ተጎጂዎችን በሚመለከተው መግለጫ፣ አንድ ሰው ተጎጂ ለመባል አድራጊው መታወቁ፣ መያዙ፣ መከሰሱ ወይም ጥፋተኛ መባሉ የግድ እንዳልሆነ ተቀምጧል፤ የሟችን ቤተሰብና ሊረዳ ሲል የተጎዳን ሰውም በዚሁ ስም ውስጥ ያስገባል። በእኛም አገር የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ከጸደቀ ወዲህ በየስብሰባው የሚነሣው ቃል «ተጎጂ» ነው። ማንም በዳዩን አላወቅህም ተብሎ ከመዝገብ እንዳይወጣ ስለምፈልግ፣ እኔ ዓምዱ ባለበት እንዲቆይ እመክራለሁ።

ይህን ስልህ ግን ቃሉ እንዴት እንደሚያቆስል አላውቅም ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ ልጁ የተገደለበት አባት ፍርድ ሲነበብ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ፍርዱ በሥርዓቱ መሠረት ልጁን አንድ ጊዜ በስሙ ከጠራው በኋላ እስከ መጨረሻው «ሟች» እያለ ሄደ፤ ሟች ከቤቱ ወጥቶ፣ ሟች መንገድ ላይ ቆሞ፣ ሟች ከተከሳሹ ጋር ሲነጋገር። አባትየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «መንገድ ላይ ቆሞ ሲያወራ እኮ ገና አልሞተም ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማመልከቻ ስጽፍ በተቻለኝ መጠን ስም እደግማለሁ፤ ገጹ ቢረዝምም።

መልስ፦ የግዕዝ መምህር፣ ላሊበላ

ለጠያቂው ወንድማችንም ለጠበቃውም ምስጋናዬ ይድረስ። እኔ በቃላቱ ሥር ያለውን ላሳይ፤ በተለይ ባልደረባህ የመረጠውን «ሰለባ» የሚለውን ቃል በዝምታ ማለፍ አልችልም።

«ሰለበ» በግዕዝ ገፈፈ፣ ቀማ፣ ዘረፈ ማለት ነው። በአማርኛም በዱሮው ጦርነት አንድ ተዋጊ ከገደለው ሰው ላይ ወስዶ የጀብዱው ምስክር አድርጎ ይዞት የሚመለሰው ነገር «ሰለባ» ይባል ነበር፤ «ስልብ» የሚለው ቃልም የወጣው ከዚሁ ነው። እዚህ ወሎ ደግሞ ሦስተኛ ትርጉም አለን። ገበሬው አውድማው ላይ ምርት ሲሰበስብ የማያውቀው ሰው እንዳይቀርብ የሚጠነቀቀው፣ ባለቤቱም ወተት ስትንጥ ቅሉን ከዓይን የምትሸሽገው «ሰላቢ» በረከቱን እንዳይወስድባቸው ነው። በሦስቱም አገባብ «ሰለባ» የሚያመለክተው የተወሰደውን ነገር ነው። ቤቷ የተቃጠለባትን ሴት «የጦርነቱ ሰለባ» ስንል እሷን ራሷን የወሳጁ ዋንጫ አድርገን፣ ታሪኩንም ከወሳጁ በኩል ቆመን እንነግራለን። የከተማ ጆሮ ይህን ከዘነጋው ቆይቷል፤ ጋዜጠኛውም በክፋት አይጠቀምበትም። አንተ ግን የምታነብላቸው እናት የሰላቢን ነገር ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ ናቸው።

በነገራችን ላይ ይህ የእኛ ቋንቋ ጠባይ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች ከላቲን ወስደው «ቪክቲም» የሚሉት ቃል መነሻው ለመሥዋዕት የሚታረድ እንስሳ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የቃሉ አሠራር ነው። «ተጎጂ»፣ «ተረጂ»፣ «ተጠቂ»፣ «ተፈናቃይ» የሚሉት ሁሉ በአንድ ቅርጽ የተቀረጹ ናቸው፤ «ተማሪ» እና «ተጓዥ» የተቀረጹበት ቅርጽ ነው። ተማሪ መማሩን ገና ያልጨረሰ ነው፤ ተጓዥ መንገዱ ላይ ያለ ነው። በዚህ ቅርጽ ስንጠራው ተጎጂም መጎዳቱን እንደ ሥራ ይዞ የሚኖር ሰው ይመስላል። «የተጎዳ» ስንል ግን ድርጊቱ አንድ ቀን ሆኖ አለፈ፤ ሰውየው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አለ። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ብለው ነው የተረቱት፤ «ተወጊ አይረሳ» አላሉም። «ተበዳይ»ም በቅርጹ ከእነዚሁ አይለይም፤ እናታችን የወደዱት በውስጡ በዳይ ስላለ ይመስለኛል።

«ተፈናቃይ»ንም ተመልከት። ፈነቀለ ማለት ሥር ሰድዶ የተቀመጠን ድንጋይ በዘንግ እየገፉ ከቦታው መንቀል ነው። ከባላገር ወንድሞቼ ጋር ማሳ ስናጸዳ እንደማውቀው፣ ድንጋዩ ሲነሣ ከሥሩ እርጥብ አፈርና የድንጋዩ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ይቀራል። ቃሉን የመረጠው ማን እንደሆነ አላነሣም፤ ግን ጥሩ ቃል ነው፤ የሚከፋው ሰውየው ቤቱ ከተመለሰ ከሁለት ዓመት በኋላም በዚሁ ስም ሲጠራ ነው።

አሁን የምር ላስተውልህ የምፈልገው አለ። አማርኛ ጉዳትን የሚናገርባት አንዲት ትንሽ ፊደል አለችው፤ እሷም «በ» ናት። «ልጇ ሞተ» ብንል የሆነውን ነገርን፤ «ልጇ ሞተባት» ብንል ግን ሞቱ በማን ላይ እንደ ወደቀ ነገርን። ማሳው ዘር የያዘ ገበሬ ዝናብ «ዘነበለት» ይባላል፤ አጭዶ ሳይከምር የደረሰበት ግን «ዘነበበት» ይባላል። ሰማዩም ውሃውም አንድ ነው፤ «ለ» እና «በ» ለዩት። እንግዲህ «ተጎጂ»ም «ሰለባ»ም ሳትል «ቤታቸው የተቃጠለባቸው» ብትል ቋንቋው ራሱ ጉዳቱን ተሸክሞልሃል። አድራጊውን ማንሣት ከፈለግህ ደግሞ «ሰው ቤታቸውን ያቃጠለባቸው» በል፤ በዳዩ ስሙ ባይታወቅም ሰው መሆኑ ተጽፎ ይቀራል። ጠበቃው የሰጉት ነገርም የሚቀር ይመስለኛል።

አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ፤ «ሰማዕት» የሚለው ቃል በግዕዝ ምስክር ማለት ነው። ሙስሊም ወንድሞቻችን «ሸሂድ» የሚሉትም ሥሩ ያው ምስክርነት ነው። በአንድ መንደር መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በሚተያዩበት በወሎ፣ ሁለቱም ወገን የተገደለበትን ሰው «ያየ የመሰከረ» ብሎ መጥራቱ ዘወትር ልቤን ይነካዋል። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግፍ የተፈጸመባቸውን የአዲስ አበባ ሰዎች «ሰማዕታት» ስንል በሰውየው እንጂ በገዳዩ አንጠራቸውም። ችግሩ ይህ ክብር ያለው ቃል ለሞተ ብቻ መሰጠቱ ነው፤ በሕይወት ቆይቶ የሚመሰክረው ግን «ተጎጂ» ተብሎ ይቀራል።

መልስ፦ ነርስ፣ ወልድያ

መምህሩ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ከሕክምናው በኩል ጥቂት ብቻ ልበል።

«ተጠቂ» የሚለውን ቃል ከቅጻችሁ አውጡት። በእኛ አገር «ተጠቃሁ» ማለት ተመታሁ ማለት ብቻ አይደለም፤ የሚነሣልኝ ወንድም፣ የሚቆምልኝ ወገን አጣሁ ማለት ነው። በጦርነቱ ጊዜ አስገድዶ መድፈር የተፈጸመባትን ሴት ስንቀበል «የጥቃት ተጠቂ» ብሎ ካርድ ላይ የጻፈ ሰው ነበር፤ ልጅቷ ማንበብ ትችል ነበርና ካርዱን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እስክትወጣ ድረስ መልሳ አላገላበጠችውም። «ተደፈረች» የሚለውም ቢሆን ሥሩ ድፍረት ስለሆነ ነገሩን ከሥጋዋና ከነፍሷ ነጥቆ ወደ ቤተሰቡ ክብር ይወስደዋል፤ የተደፈረው ቤቱ እንጂ እሷ ያልሆነች ያህል። እኔ አሁን የምጽፈው «ጥቃት የፈጸሙባት» ብዬ ነው፤ መምህሩ ስለ «በ» ከመናገራቸው በፊት ምክንያቱን አላውቀውም ነበር።

እህታችሁ ያነሣችው «ከጉዳት የተረፉ» መልካም ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን አሳጥረው «ተራፊ» እንዳያደርጉት ተጠንቀቁ። በአንድ ሥልጠና ላይ ይህ ቃል ቀርቦ ስንሰማ አጠገቤ የነበሩ አንዲት አዋላጅ «ትራፊ ከገበታ ላይ የሚነሣው አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁ። መልስ አልተሰጣቸውም።

ቃል መለወጥ ከንቱ ድካም ነው ለሚሉ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስ። ሥራ ስጀምር «የኤድስ ሰለባ» የማይል ግድግዳ አልነበረም፤ ዛሬ «ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ» እንላለን። ከደሴ አለፍ ብሎ ባለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕክምና ሲሰጥ ብዙ ዘመን አልፏል፤ የዱሮ ሰው እነዚያን ሕመምተኞች ይጠራበት የነበረውን ቃል ዛሬ ሕፃን ልጅ ቢናገረው እናቱ ትቆጣዋለች። ስሙ ሲለወጥ ሰው ለመታከም ፊቱን ሳይሸፍን መምጣት ይጀምራል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

መልስ፦ የራያ ቆቦ ሰው

በ1977 ዓ.ም. የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስለ ቃላት ስትነጋገሩ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

እናቴ ታናሽ እህቴን አዝላ፣ እኔን እጄን ይዛ፣ ከቆቦ ቆላ ተነሥተን በአላማጣ በኩል የግራካሱን ዳገት ወጥተን ኮረም ደረስን። በዚያን ጊዜ ኮረም በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ብርዱ ለቆላ ሰው የማይቻል ነው፤ እህቴ በሦስተኛው ሌሊት እዚያው ቀረች። እናቴ ሸራው ሥር ተሰልፋ ስሟን አንድ ጊዜ ነገረች፤ ከዚያ በኋላ ካርዷ ላይ በነበረው ቁጥር ነበር የምትጠራው። «ተረጂዎች ወደዚህ!» ሲባል ሁላችንም እንነሣለን። እናቴ ሰውነቷ እስኪያልቅ ድረስ አርሳ፣ ፈትላ፣ እንግዳ ተቀብላ የኖረች ሴት ናት። በሕይወቷ ያንን ቃል የሰማችው ስድስት ወር ብቻ ነው፤ ግን እስክትሞት ድረስ የእህል ሰልፍ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር።

ጠያቂው ወንድሜ፣ እናታችን ጎርፍና በረዶን ለምን እንዳነሡ በደንብ ይገባኛል። በ1965 እና በ66 ዓ.ም.ም፣ በ77ም፣ በየመግለጫው «የድርቅ ተጎጂ» ነበርን። ድርቅ የሰማይ ሥራ ነው፤ ማንም አይጠየቅበትም። ረሃብ ግን ሌላ ነው። ሰማዩ ሲደርቅ ማን እህል ነበረው፣ ማን ዝም አለ፣ መንገዱን ማን ዘጋ፣ ወሬውን ማን ሸሸገ የሚል ጥያቄ አለበት። የ66ቱ መንግሥት የወደቀባቸው ምክንያቶች አንዱ ረሃቡን መደበቁ አልነበረምን? አያቶቻችንም በምኒልክ ዘመን ከብቱ ሁሉ በበሽታ ያለቀበትን ጊዜ «ክፉ ቀን» አሉት። ያንን በሽታ ከውጭ በመጡ ከብቶች በምጽዋ በኩል ያስገባው ሰው ነበር፤ ስሙን የወሰደው ግን ቀኑ ነው።

አንድም ነገር ልጨምር፤ ረሃቡ ትግራይንም፣ ሰሜን ሸዋንም፣ ሌላውንም አገር ያገኘ ሲሆን ስሙ ግን «የወሎ ረሃብ» ሆኖ ቀረ። ለሥራ አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ አገሬን ስጠየቅ ወሎ ብዬ ስመልስ የጠያቂው ፊት ወዲያው ሲራራልኝ አይ ነበር። ያ ርኅራኄ ከስድብ ይከብደኝ ነበር። ዛሬ በሴፍቲኔት የታቀፈውን ጎረቤቴን «ተጠቃሚ» ይሉታል፤ እርከን ሲሠራ፣ ችግኝ ሲተክል ውሎ ነው የሚከፈለው። ቃሉ ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ ሲጠሩት ግን ቀና ብሎ ይሄዳል።

መልስ፦ የከሚሴ ልጅ

ከሁላችሁም ብዙ ተምሬአለሁ። ግን «ተበዳይ» የሚለውን ቃል ጠበቃው ከሚሉት በተለየ መንገድ ስለማውቀው ሐሳቤን ላቅርብ።

በእኛ አገር ደም የፈሰሰበትን ነገር የሚይዙት አበጋሮች ናቸው። በሁለቱ ወገኖች መካከል ገብተው፣ ዱዓ አድርገው፣ ነገሩን አጣርተው ደም ያደርቃሉ። እርቅ እስኪወርድ ድረስ የገዳዩም የሟቹም ወገን «ደመኛ» ይባላል፤ አንድ ቃል ሁለቱንም ያስራል። ተበዳዩ የሚለየው አበጋሮቹ ፊት ቀርቦ በደሉን ሲናገር ነው። ሙስሊሙ የተበደለ ሰው ዱዓ በእሱና በአላህ መካከል ግርዶ እንደሌለው ስለሚያምን፣ ተበዳይ ሲናገር የሚያቋርጠው የለም። እኔ ባደግኩበት መንደር ካሣው ተከፍሎ እርቅ ከወረደ በኋላ አንድን ሰው ተበዳይ ብሎ መጥራት እርቁን እንደ ማፍረስ ይቆጠር ነበር። ስሙ መግቢያም መውጫም አለው ማለት ነው። ለእናቲቱ «ተበዳይ» የሚለው ቃል ክስ ብቻ ሳይሆን ቀጠሮም ሊሆን ይችላል፤ አንድ ቀን ይህን ስም የሚያነሣልኝ ሸንጎ ይኖራል የሚል።

መልስ፦ መዝጋቢው፣ ደሴ

ወንድሞቼና እህቴ፣ በተለይ የቆቦው ጋሼ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ አትሜ በቦርሳዬ ይዤ ወደዚያችው መንደር ተመለስኩ። የጠበቃውን ምክር ተቀብዬ የዓምዱን ርዕስ አልነካሁትም። «የደረሰው ጉዳት ዝርዝር» ከሚለው ሰፊ ቦታ ላይ ግን፣ «ቃጠሎ» ብዬ በአንድ ቃል ያለፍኩትን ሰርዤ፣ በመምህሩ ምክር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሰው ቤታቸውን ያቃጠለባቸው፣ ጎታቸውን ከነእህሉ ያወደመባቸው፣ ሁለት በሬዎቻቸውን የነዳባቸው።»

እናቲቱ በሩ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ ነበር። ጎረቤታቸው የሆኑ አንድ ሸህም ነበሩ። ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው። «ሰው» የሚለው ላይ እንዝርቱ ቆመ፤ «ያቃጠለባቸው» ስል ራሳቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። ሸህየው «አብሽሪ» አሏቸው።

እኔ ቃሉን ይቀበሉት እንደሆነ ልጠይቅ ስዘጋጅ፣ እሳቸው ስለ ቃሉ አንድም ነገር አላነሡም። ወደ ወረቀቱ ጠጋ ብለው፣ የማያነቡትን መስመር በጣታቸው እየነኩ፣ «በሬዎቹ ሁለት አይደሉም» አሉኝ። «ሁለቱ ጥማድ ናቸው፤ ለመቀንበር ያልደረሰ አንድ ወይፈን ደግሞ ነበር። ጥቁር ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። እሱንም ጻፍ።»

ጻፍኩት።